የሆድ ዋጋ፦ የኢንተርኔት ስም የሚሸጥ ሰው ለራሱ ብቻ የሚነግረው ቁጥር

መርካቶ ጨርቅ የሚገዛ ሰው ዋጋ ጠይቆ ሲያበቃ «እሺ መጨረሻውን ንገረኝ» ይላል። ባለ ሱቁ «መጨረሻው» ብሎ የሚጠራው ቁጥር መጨረሻው እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ገዢው ፊቱን አዙሮ ጥቂት እርምጃ ሲሄድ ይጠራል፤ ዋጋውም ትንሽ ይወርዳል። የሚወርደው ግን እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው። ከዚያ በታች ከተጠየቀ ሻጩ ጨርቁን አጥፎ ወደ መደርደሪያው ይመልሰዋል። ሻጩ በአፉ ያልጠራት፣ እጁን ግን ወደ መደርደሪያው የመለሰችው ያቺ ቁጥር በምጣኔ ሀብት ትምህርት «ሪዘርቬሽን ፕራይስ» ትባላለች። በአማርኛ «የሆድ ዋጋ» ብንላት ይሻላል እላለሁ።

ሌሎች ቃላት ሞክሬ ነበር። «የመነሻ ዋጋ» በጨረታ ማስታወቂያ ላይ በግልጽ የሚወጣ ነው፤ ይህቺኛዋ ግን ከወጣች ዋጋ የላትም። «የመጨረሻ ዋጋ» የሚለውን ደግሞ ገበያው ቀድሞ ወስዶ የመደራደሪያ ቃል አድርጎታል። «ዝቅተኛ ዋጋ» ስንል ዕቃው የረከሰ ይመስላል። ሆድ ግን በቋንቋችን የምግብ ብቻ ሳይሆን የምስጢርም ቤት ነው። ለወዳጃችን የሆዳችንን እንነግረዋለን፤ የማንናገረውን «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንተወዋለን። ነገሩም ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። በሶማሌ የከብት ገበያ ሻጭና ገዢ እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ሲነጋገሩ በዙሪያቸው የቆመው ሕዝብ ቁጥሩን አይሰማም። ከሆድ ዋጋ ትይዩ ሻጩ ጮክ ብሎ የሚጠራው «የአፍ ዋጋ» ይቆማል። የሁለቱን ልዩነት የማያውቅ ሻጭ በተለይ አንድ ገበያ ላይ ክፉኛ ይጎዳል፤ እሱም የዶሜይን ሽያጭ ነው።

ዶሜይን ማለት አንድን ድረ ገጽ ለመክፈት የምንጽፈው አድራሻ፣ የኢንተርኔት ስም ነው። ጨርቅ ሻጩ ጎረቤቱ ስንት እንደሸጠ ይሰማል፤ ዶሜይን ግን ሁለተኛ የለውም። ወጪውም ስለ ዋጋው የሚነግረን ነገር የለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1995 ድረስ ስም ማስመዝገብ በነጻ ነበር፤ በዚያ ዓመት ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ማስከፈል ተጀመረ። በዶት ኮም የሚያልቁትን ስሞች መዝገብ የሚይዘው ቬሪሳይን የተባለው ኩባንያ ከመዝጋቢዎች በየዓመቱ የሚቀበለው በ2024 10.26 ዶላር ደረሰ። «ቮይስ ዶት ኮም» የሚለው ስም ደግሞ በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። በአሥር ዶላርና በሠላሳ ሚሊዮን መካከል የቆመ ሻጭ ምን ይይዛል?

እንበል አንዲት ሴት በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ «ፀሐይ» የሚባል እንጀራ ቤት ነበራት። ሱቁን ከዘጋች ቆይታለች፤ ስሙን ግን በዓመት 15 ዶላር እየከፈለች አሥር ዓመት ይዛዋለች። አንድ ቀን ከማታውቀው ሰው ኢሜይል ይደርሳታል፦ «ስሙን ይሸጡታል? ስንት ነው?» ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ስሌት ያወጣችውን መደመር ነው። አሥር ጊዜ 15 ዶላር 150 ነው፤ እጥፍ አድርጋ 300 ትላለች። የብዙ ሰው ስሕተት እዚህ ላይ ነው። የተከፈለው 150 ዶላር ሸጠችም አልሸጠችም ተመልሶ አይመጣም። የሆድ ዋጋ የሚወለደው ከሌላ ጥያቄ ነው፦ «ዛሬ እምቢ ብል በእጄ ምን ይቀራል?»

በእጇ የሚቀረው ሁለት ነገር ነው እንበል። አንደኛው የድሮ ደንበኞቿ ለድግስ እንጀራ ሲያዝዙ የሚጽፉላት በዚያው አድራሻ መሆኑ ነው፤ ሁሉንም ወደ አዲስ አድራሻ ማዛወር 400 ዶላር ያህል ድካምና የቀረ ሥራ ያስከፍላታል ብላ ገመተች። ሁለተኛው ነገ ሊመጣ የሚችለው ሌላ ገዢ ነው። በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት 10,000 ዶላር የሚከፍል ሰው የመምጣቱ ዕድል ከአምስት አንድ ቢሆን የመጠበቁ ዋጋ 2,000 ዶላር ነው። የአምስት ዓመት ማደሻው 75 ሲቀነስ 1,925 ይቀራል። አራት መቶው ሲጨመር 2,325። የሆድ ዋጋዋ ይህ ነው።

«ከአምስት አንድ» የሚለው ግምት ነው፤ ማንም አይክደውም። ቢሆንም ኢሜይሉን ከመመለሷ በፊት በወረቀት የሰፈረ ግምት፣ ገዢው ቁጥር ከጠራ በኋላ ከሚሠራው ግምት እጅግ ይሻላል። መጀመሪያ የሰማነው ቁጥር ሐሳባችንን ወደ ራሱ ይስባልና። ገዢው «500» ካለ በኋላ 900 ትልቅ ገንዘብ ይመስላል።

ገዢም የራሱ የሆድ ዋጋ አለው፤ የሚሰላውም «ይህን ስም ባላገኝ ምን እሆናለሁ?» በሚለው ነው። የፌስቡክን ነገር እንይ። በ2010 መጨረሻ ኩባንያው ለተጠቃሚዎቹ በፌስቡክ ዶት ኮም የሚያልቅ የኢሜይል አድራሻ ሊሰጥ ሲነሣ ለራሱ ሠራተኞች ሌላ አጭር ስም አስፈለገው። «ኤፍ ቢ ዶት ኮም» ደግሞ የአሜሪካን ፋርም ቢሮ ፌዴሬሽን የተባለው የገበሬዎች ማኅበር ንብረት ነበር። በጥር 2011 የማኅበሩ ኃላፊዎች በዓመታዊ ጉባኤያቸው ላይ ከስም ሽያጭ 8.5 ሚሊዮን ዶላር ማግኘታቸውን ተናገሩ። ለማኅበሩ «ኤፍ ቢ ዶት ኦርግ» ተርፎታልና ስሙን ማጣት ያን ያህል የሚጎዳው አልነበረም። የዋጋው ቁመት የመጣው ከገዢው ፍላጎት ነው።

ጊዜም የሻጭ ጉልበት ነው። በ2003 የተመሠረተው የኤሌክትሪክ መኪና አምራች ቴስላ ለዓመታት ይጠቀም የነበረው «ቴስላ ሞተርስ ዶት ኮም» በሚለው ረጅም ስም ነው። የኩባንያው ኃላፊ ኢሎን መስክ በታኅሣሥ 2018 እንደጻፈው አጭሩን «ቴስላ ዶት ኮም» ለማግኘት ከአሥር ዓመት በላይና 11 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ለመሸጥ ያልቸኮለ ባለቤት የማቆያ ወጪው በዓመት ጥቂት ዶላር ብቻ ነው። ከብት ቢሆን መኖ ይበላል፤ ቤት ቢሆን ይፈርሳል።

ወደ እንጀራ ቤቷ ስንመለስ ግን ዕድሉን የሚያጠብብ አንድ ነገር አለ፤ አማርኛ ስም ለያዙ ሁሉ ይመለከታል። «ፀሐይ» በላቲን ፊደል አንድ አጻጻፍ የለውም። አንዱ በ«ቲ» እና «ኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ፤ አንዱ በ«ዋይ» ይጨርሰዋል፣ ሌላው በ«አይ»። ዋጋው የከበደው ገዢ ጎረቤት የሆነውን አጻጻፍ፣ ካልተያዘ፣ በጥቂት ዶላር አስመዝግቦ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የአፍ ዋጋዋ 6,000 ቢሆን ያምራል፤ 60,000 ካለች ግን ገዢው መልስ ሳይጽፍ ይጠፋል።

ከዚህ ሁሉ ስሌት ውጪ የሚሆን አንድ ዓይነት ስም አለ። የሌላ ሰው የንግድ ምልክት መሆኑን እያወቁ፣ በዋነኛነት ለራሱ ለባለ ምልክቱ ከወጪ በላይ ለመሸጥ ያስመዘገቡት ስም ከሆነ፣ ዋጋ መጥራቱ ራሱ በሻጩ ላይ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የኢንተርኔት ስሞችን አሠራር የሚያስተባብረው አይካን የተባለው ድርጅት ከ1999 ጀምሮ ያለው የክርክር ሥርዓት ይህን የክፉ ልቡና ምልክት ብሎ ይቆጥረዋል፤ ስሙም ያለ አንዳች ክፍያ ሊወሰድ ይችላል። የሱቋን ስም በቅንነት ስትጠቀምበት የኖረች ሴት ግን ይህ አያሰጋትም።

ስምምነት ላይ ከተደረሰ ገንዘቡ ወደ ሦስተኛ ወገን የአደራ ሒሳብ ከመግባቱ በፊት ስሙ ከእጇ አይወጣም። ገዢው 2,600 ካለ ትሸጣለች። 1,800 ላይ ከቆመ ግን አመስግና፣ ስሙን ለሚቀጥለው ዓመት በ15 ዶላር ታድሰዋለች።