በቤት ሆኖ በኢንተርኔት የሚሰጥ የተጠናከረ የተመላላሽ የሱስ ሕክምና

የተጠናከረ የተመላላሽ ሕክምና ማለት የአልኮል፣ የጫት፣ የመድኃኒት ወይም የሌላ አነቃቂና አደንዛዥ ነገር ሱስ ያለበት ሰው ሆስፒታል ሳይተኛ፣ በቤቱ እያደረ፣ በሳምንት ውስጥ ለበርካታ ሰዓታት የሚከታተለው ሕክምና ነው። በወር አንድ ጊዜ ባለሙያ ከማነጋገር ይበልጣል፤ አልጋ ይዞ ከመታከም ያንሳል። በቪዲዮ ጥሪ ሲሰጥ ደግሞ ታካሚው ከባለሙያውና ከሌሎች ታካሚዎች ጋር የሚገናኘው በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ አማካይነት ነው።

የአሠራሩ መነሻ አሜሪካ ነው። በዚያች አገር የሱስ ሕክምና ማኅበር ባወጣው የሕክምና ደረጃዎች ምደባ መሠረት ይህ ሕክምና ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 9 ሰዓት ይሰጣል። በተለመደው አሠራር ይህ ማለት በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ሦስት ሰዓት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ሰዎች በአንድ ክፍል እንዳይሰበሰቡ ባደረገ ጊዜ በርካታ ተቋማት ይህንኑ ሕክምና ወደ ቪዲዮ አዛወሩት። ወረርሽኙ ከበረደ በኋላም የሥራ ሰዓት፣ የሕፃናት እንክብካቤ ወይም የመንገድ ርቀት ለሚያግዳቸው ሰዎች አማራጭ ሆኖ ቀጥሏል።

ሕክምናው በአካል ሲሰጥ፣ ለሕይወት የሚያሰጋ የሰውነት ሁኔታ ለሌለባቸው ታካሚዎች ውጤቱ ተኝቶ ከመታከም የማይተናነስ መሆኑን ጥናቶች አሳይተዋል። በቪዲዮ የሚሰጠው ግን ገና አዲስ በመሆኑ የተከማቸው ማስረጃ ያነሰ ነው። ስለዚህ አመቺነቱ ብቻ ታይቶ ሊመረጥ አይገባም። አስቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ ታካሚው መጠቀሙን ሲያቆም በሰውነቱ ላይ ምን ይደርሳል የሚለው ነው።

በድንገት ማቆም አደጋ የሚሆንባቸው ሰዎች

አልኮል ለረጅም ጊዜና በብዛት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊሞት ይችላል። ይህ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ አይታወቅም፤ እንዲያውም «በቃኝ ብሎ ተወ» ተብሎ እፎይ የሚባለው በዚያው አስጊ ቀን ነው። ጠዋት ሲነሳ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ አንድ መለኪያ አረቄ ሲቀምስ ግን የሚረጋጋ ሰው፣ ሰውነቱ ከአልኮል ጋር የተቆራኘ መሆኑን ምልክቱ ይናገራል። የሚጠጣው ጠላ፣ ጠጅ ወይም ቢራ መሆኑ ለውጥ አያመጣም።

የመጨረሻው መጠጥ ከተጠጣ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ ምት መፍጠንና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራሉ። የሚጥል በሽታ የሚመስል መንዘፍዘፍ የሚያጋጥመው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዱ ታካሚ ይቃዣል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ ቀኑንና ቦታውን ያጣል፤ ሰውነቱ ይግላል። ይህ ሁኔታ ሳይታከም ሲቀር ይገድላል። በቪዲዮ መስኮት የሚታይ ባለሙያ የልብ ምት ሊለካ፣ መርፌ ሊሰጥ ወይም ከወደቀበት ሊያነሳው አይችልም። ቀደም ሲል ሲያቆም ተንዘፍዝፎ ወይም ቃዥቶ የሚያውቅ ሰው፣ የሚጥል በሽታ ወይም የጉበት ሕመም ያለበት ሰው፣ እንዲሁም በዕድሜ የገፋ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት በጤና ተቋም ሊያሳልፍ ይገባል። በዚያ ቆይታ ሐኪሙ ሰውነትን የሚያረጋጋ መድኃኒት በየቀኑ እየቀነሰ ይሰጣል፤ ብዙ የሚጠጡ ሰዎች ከሰውነታቸው የሚጎድለውን ቫይታሚን ቢ1ም ይተካል። ይህ ቫይታሚን ሳይተካ ሲቀር በአእምሮ ላይ የማይመለስ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። በኢንተርኔት የሚሰጠው ሕክምና ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

የሚቃዥ ሰው መንፈስ እንዳደረበት ወይም እንዳበደ ተቆጥሮ የሚታሰርበት፣ ከጤና ተቋም ርቆ ወደሚገኝ ጠበል የሚወሰድበት አጋጣሚ አለ። ጠበል መጠመቅና መጸለይ ከሕክምና ጋር አይጣሉም። ሆኖም አልኮል ባቆመባቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ታካሚው ከምግብና ከውኃ ሊጾም፣ የታዘዘለትንም መድኃኒት ሊያቋርጥ አይገባም።

እንደ ዳያዜፓም ያሉ የእንቅልፍና የማረጋጊያ መድኃኒቶችን ለወራት የወሰደ ሰውም በድንገት ሲያቆም ሊንዘፈዘፍ ስለሚችል መጠኑ ቀስ በቀስ የሚቀንሰው በሐኪም ነው። የትራማዶልና የፔቲዲን ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ሲቆሙ የሚመጣው ሕመም ከባድ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም፤ ገዳዩ ለሳምንታት ካቆሙ በኋላ በቀድሞው መጠን ዳግም መጀመር ነው። ሰውነት የለመደውን ስለረሳ ትንፋሽ ሊቆም ይችላል። ይህን ቤተሰብም ሊያውቀው ይገባል።

ጫት ያቆመ ሰው ሐራራ፣ ድብታ፣ የስሜት መውረድ፣ በሌሊትም ዱካክ ያስቸግረዋል። እነዚህ በአብዛኛው በቀናት ውስጥ እየቀለሉ የሚሄዱ በመሆናቸው በቤት ሆኖ ለመታከም ያመቻሉ። ነገር ግን ምርቃናን ለማብረድ በየምሽቱ ጨብሲ የሚወስድ ሰው ችግሩ የጫት ብቻ እንደሆነ ያስባል፤ የአልኮሉ መጠን ተጠይቆ ሲታወቅ ግን ከላይ የተገለጸው አደጋ በእርሱም ላይ ሊኖር ይችላል።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ያለው ሰው፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ እንዲሁም በቤት ውስጥ ጥቃት የሚደርስበት ሰው በአካል መታየት ይኖርበታል። ቤቱ ራሱ ጠላ ወይም አረቄ የሚሸጥበት ከሆነም «በቤት መታከም» የሚለው ሐሳብ ትርጉሙን ያጣል፤ ለሕክምናው ጊዜ ወደ ዘመድ ቤት መዛወር የተሻለ ነው።

በሕክምናው ጊዜ የሚሠራው ሥራ

ከሳምንቱ ሰዓታት አብዛኛው የቡድን ጊዜ ነው። ቡድኑ ብዙውን ጊዜ ከ12 ሰው አይበልጥም። ታካሚዎች ስለ ሱስ ትምህርት ይሰማሉ፤ ከዚያ በላይ ግን የየራሳቸውን ሳምንት ይመረምራሉ፦ የደመወዝ ቀን ምሽት፣ ከሥራ ሲወጡ የሚያልፉበት መንገድ፣ የበዓል ዋዜማ፣ ከቀድሞ ጓደኛ የሚመጣ ስልክ፣ ከትዳር ጓደኛ ጋር የተፈጠረ ጭቅጭቅ። ፍላጎቱ በየት በኩል እንደሚገባ ታካሚው ካወቀ በኋላ በዚያች ሰዓት ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ይለማመዳል። ይህ ልምምድ በቤት ሲሆን አንድ ጥቅም አለው። በሆስፒታል የተኛ ሰው የሰፈሩን መጠጥ ቤት የሚያገኘው ከወጣ በኋላ ነው፤ በቤቱ የሚታከም ሰው ግን ዛሬ ያለፈበትን ፈተና ነገ ለባለሙያው ይናገራል።

ከቡድኑ በተጨማሪ ታካሚው ለብቻው ከአማካሪው ጋር ይነጋገራል፤ ቤተሰብም በተወሰኑ ቀናት ይገባል። ለአልኮል ፍላጎትን የሚቀንሱ እንደ ናልትሬክሶን ያሉ መድኃኒቶች ለአንዳንዱ ሊታዘዙ ይችላሉ። እነዚህን የሚያዝ ሐኪም አስቀድሞ የጉበት ምርመራ ውጤት ማየት ስላለበት ቢያንስ አንድ ጊዜ ወደ ላቦራቶሪ መሄድ አይቀርም።

በሕክምናው መሐል ዳግም መጠጣት ወይም መቃም ያጋጥማል። ጥሩ አገልግሎት ይህን ለማባረር ምክንያት አያደርገውም፤ ዕቅዱን ይከልሳል፤ ከተደጋገመም ወደ ተኝቶ ሕክምና ይልካል። የቤተሰብ ድርሻም እዚህ ላይ ይፈተናል። መጠጡን ከቤት ማውጣት፣ በበዓል ቀን ለታካሚው ለስላሳ ማዘጋጀት፣ ደመወዙን በስምምነት የሚይዝለት ሰው መምረጥ ይረዳሉ። ኪስ መበርበርና በሰው ፊት ማዋረድ ግን ታካሚው እንዲደብቅ ከማድረግ አያልፉም።

ክፍል፣ ስልክና ምስጢር

በአንድ ክፍል ቤት ብዙ ሰው በሚኖርበት ሁኔታ ሦስት ሰዓት ለብቻ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። የጆሮ ማዳመጫ ከሌላው ወገን የሚመጣውን ድምፅ ይሸፍናል፤ ታካሚው የሚናገረውን ግን አይሸፍንም። ስለዚህ ከቤተሰቡ ጋር ሰዓቱ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ካልተቻለም የዘመድ ቤት ይመረጣል። የቪዲዮ ጥሪ በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ ዳታ ሊወስድ ስለሚችል፣ ለ9 ሰዓት የሚበቃው ወጪ ከሕክምናው ዋጋ ጋር ተደምሮ ሊታሰብ ይገባል። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ በመደበኛ ስልክ የሚደወልበት ቁጥር በመጀመሪያው ቀን መያዝ አለበት።

ጤናን የሚመለከት መረጃ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥበቃ የሚደረግለት ነው። ታካሚው ክፍለ ጊዜው ይቀረጽ እንደሆነ፣ ማኅደሩ የት እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያየው የመጠየቅ መብት አለው። የቡድን አባላትም የሌላውን ስምና ታሪክ ላለማውጣት ቃል ይገባሉ፤ ትንሽ ከተማ ውስጥ ይህ ቃል ከሁሉም በላይ ክብደት አለው።

ከመመዝገብ በፊት

አገልግሎቱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ መጣራት አለበት። የባለሙያው የሙያ ፈቃድና የተቋሙ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም። «በሦስት ቀን ከሱስ እናላቅቃለን» የሚል፣ ምንም ሳይጠይቅ የሚመዘግብ፣ ወይም ስሙ ያልተገለጸ መድኃኒት በመልእክተኛ የሚልክ አገልግሎት ሊታመን አይገባም። ታካሚው በጥሪው መሐል ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ የጽሑፍ ዕቅድ የሌለው አገልግሎትም እንዲሁ፤ ዕቅዱ ቢያንስ የታካሚውን ትክክለኛ አድራሻ፣ በአቅራቢያው ያለ ሰው ስልክና ቅርብ የሆነውን ጤና ተቋም ይይዛል።

በውጭ የሚኖሩ ቤተሰቦች በአገር ቤት ላለ ዘመዳቸው በአሜሪካ አገልግሎት ከፍለው ለማስመዝገብ ያስባሉ። ይሁንና በዚያ አገር የባለሙያ ፈቃድ የሚሰጠው በየክፍለ ግዛቱ ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚታየው ታካሚው በጥሪው ጊዜ ያለበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠን ሰው ለማከም የሜሪላንድ ወይም የቨርጂኒያ ፈቃድ አይበቃም። እዚያው ለሚኖሩ ግን መንገዱ ክፍት ነው። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ አስተዳደር አገልግሎቶች በአማርኛም እንዲሰጡ መሠረት ስለሆነ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል።

በአገር ውስጥ መጀመሪያ የሚኬደው በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ነው። ባለሙያው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጃቸውን ስለ አልኮል አጠቃቀም የሚጠይቁ 10 ጥያቄዎች ሊጠይቅ ይችላል፤ እንደ መልሱም ምክር ይሰጣል ወይም ሪፈር ይጽፋል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የሱስ ሕክምና ከሚሰጥባቸው ተቋማት መካከል ናቸው። ታካሚው ሲሄድ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ያሉበትን ሌሎች በሽታዎችና መጨረሻ የጠጣበትን ወይም የተጠቀመበትን ቀንና ሰዓት በጽሑፍ ቢይዝ ምርመራው ይፋጠናል። የጠጡን መጠን አሳንሶ መናገር የሚታዘዘውን መድኃኒት ያሳስታል።

በቤት ያለ ሰው ከተንዘፈዘፈ፣ ከቃዠ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ሊነቃ ካልቻለ በጎኑ ይደረጋል፤ በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ ብቻውንም አይተውም። ወዲያውኑ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ይወሰዳል፤ ወይም በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ቁጥር 907 ይደወላል።