«ብልት» የሚለው ቃል ከየት መጣ?



ዛሬ «ብልት» የሚለው ቃል በሰው ፊት ሲነሳ ብዙ ወጣት ወይ ያፍራል ወይ ይስቃል። ቃሉ ለኀፍረተ ገላ ብቻ የተሰጠ ይመስለዋል። በአምበር፣ በቢቸና ወይም በሞጣ አንድ አዛውንት «ብልት አዋቂ ጥሩልኝ» ቢሉ ግን የሚፈልጉት በሬውን በወጉ የሚያወጣ ሰው ነው።

ቃሉ «በለተ» ከሚለው ግስ ጋር አንድ ነው። መበለት ማለት የታረደን ከብት ወይም ዶሮ መገጣጠሚያውን እያገኙ መለያየት ነው። በዚህ መንገድ የሚወጣው እያንዳንዱ ክፍል ብልት ይባላል። ዶሮ 12 ብልት አላት የምንለውም ለዚህ ነው። የበሬው ሻኛ፣ ፍሪንባ፣ ዳቢት፣ ሽንጥ፣ ጎድንና ወርች ሁሉም ብልቶች ናቸው። በጥንቱ የቤተ መንግሥት ግብር የትኛው ብልት ለማን እንደሚቀርብ የሚወሰነው በማዕረግ ነበር።

የሰውም አካል ክፍል ብልት ይባላል። ኀፍረተ ገላን በስሙ መጥራት ያሳፈረው ሰው «ብልት» እያለ ሸፈነው። ስለዚህ ቃሉ የነውር መሸፈኛ እንጂ ራሱ ነውር አልነበረም። «አባል»ም በግእዝ የአካል ክፍል ማለት ነው፤ «አባለ ዘር»ም የማኅበር «አባል»ም ከዚያው የወጡ ናቸው። ዐረብኛው «ዑድው»ም እንዲሁ የአካል ክፍልንም የማኅበር አባልንም ይጠራል።

ነገሩ ዲናችንንም ይነካል። በሻፊዒያ መዝሀብ የዐቂቃ እንስሳ አጥንቱ ሳይሰበር በየመገጣጠሚያው ቢለያይ ይወደዳል፤ ለሕፃኑ አካል ደኅንነት መልካም ምኞት ነው። ይህንን አማርኛ በአንድ ቃል «መበለት» ይለዋል። ጃቢር (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ደግሞ በሑደይቢያ ዓመት፣ በ6ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ አንድ ከብት ለ7 ሰዎች ታርዷል። ዛሬም 7 ሰዎች ለዑድሒያ በሬ ሲጋሩ ሻኛው ለአንዱ፣ አጥንቱ ለሌላው እንዳይደርስ ብልት የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋል። ብልት ማወቅ የሐቅ ጉዳይ ነው።

እኛና ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የምናርደው ለየብቻ ነው፤ የብልቶቹ ስም ግን የጋራችን ነው። አሁን ሥጋው በኪሎ ተመዝኖ በፌስታል ስለሚመጣ ልጆቻችን ስሞቹን ሳይሰሙ እያደጉ ነው። በመጪው ዒድ በሬው ሲበለት ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አቁሙና የእያንዳንዱን ብልት ስም ንገሯቸው።

ወላሁ አዕለም።