ጆን በርንስ፦ ከመካኒክነት እስከ ሚኒስትርነት

ጆን በርንስ እ.ኤ.አ. በ1858 ለንደን ውስጥ ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ ሥራ ገብቶ የመካኒክነት ሙያ ተማረ። በ1889 መጀመሪያ የባተርሲ ሕዝብ ለለንደን አውራጃ ምክር ቤት መረጠው። በዚያው ዓመት ነሐሴ የወደብ ጫኝና አውራጆች በሰዓት 6 ፔንስ እንዲከፈላቸው ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ፥ የገለባ ባርኔጣውን ደፍቶ ሰልፉን ከፊት መራ፤ አድማውም ከአንድ ወር በኋላ በድል ተፈጸመ። በ1892 ፓርላማ ገባ፤ በ1905 በብሪታንያ ከሠራተኛው መደብ የመጀመሪያው የካቢኔ ሚኒስትር ሆነ።

ይሁን እንጂ የቀድሞ ጓዶቹ፥ “ሥራ አጦችን ረሳ” ሲሉ አጥብቀው ወቀሱት። እርሱ ግን በ1914 አገሩ ጦርነት ስትገባ ተቃውሞ ሥልጣኑን በፈቃዱ ለቀቀ፤ በ1943 እስኪሞት ድረስም ዳግመኛ አልተሾመም።

ወንበር ሰውን ይለውጣል፤ ስለ ኅሊናው ብሎ ወንበሩን የሚተው ግን ጥቂት ነው። መሪን ስንመዝን ሁለቱንም እንይ።