ፕለጊን (በቶታል ኮማንደር)
ስዊዘርላንዳዊው ክርስቲያን ጊስለር እ.ኤ.አ. በ1993 ለመጀመሪያ ጊዜ ባወጣው የፋይል ማስተዳደሪያ ፕሮግራም ላይ ተጨማሪ ችሎታ የሚጨምር ትንሽ ፋይል። አራት ዓይነት አለው፤ አንዱ የታመቀ ፋይል የሚከፍተው ነው። ፕለጊኑ የመጣበትን ዚፕ ከፕሮግራሙ ውስጥ ሆነው ኢንተር ሲጫኑት ብዙውን ጊዜ ጭነቱ በራሱ ይጀምራል። ዝመናው ግን በራሱ አይመጣም፤ አዲሱን አውርዶ በአሮጌው ላይ መጫን የተጠቃሚው ሥራ ነው።

ለአማርኛ ጸሐፊ ዝመናው ቀላል ጉዳይ አይደለም። ፕሮግራሙ ዩኒኮድን በስፋት የደገፈው እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው 7.5 እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ ፕለጊን፣ ጌጃ ሰፈር ባለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት «የቤት ኪራይ ውል» ተብሎ የተቀመጠን ፋይል የጥያቄ ምልክት ደርድሮ ሊያሳየው ይችላል። ከማዘመንዎ በፊት ቅንብሮቹ የሚመዘገቡበትን «ዊንሲኤምዲ ዶት አይኤንአይ» ፋይል ቅጂ ያስቀምጡ።