የራስን ድርሰት ይዞ መቅረብ፤ የቺካጎ ሙዚቀኞች ማኅበር ታሪክ

ማኅበር ሲባል አስቀድሞ ወደ ሰው አእምሮ የሚመጣው ደንብ፣ መዋጮና ስብሰባ ነው። የሙዚቃ ፈጠራ፣ በተለይም በመጫወት ላይ ሳሉ በዚያው ቅጽበት የሚፈልቀው ኢምፕሮቪዜሽን የተባለው ፈጠራ፣ ከዚህ ሁሉ የራቀ፣ እንዲያውም የዚህ ተቃራኒ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ በ1965 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የተቋቋመው የፈጣሪ ሙዚቀኞች ማኅበር ታሪክ ሲመረመር፣ በዘመኑ ከተሰሙት ሙዚቃዎች ሁሉ እጅግ ነጻ ከነበሩት አንዱ የጎለመሰው በደንብ፣ በመዋጮና በስብሰባ መሆኑን መረዳት ይቻላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩ መነሻ ደቡባዊው የቺካጎ ክፍል ነው። ይህ ሰፈር ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀምሮ ከደቡብ ግዛቶች የፈለሱ ጥቁር አሜሪካውያን የከተሙበት ሲሆን፣ ብሉዝና ጃዝ በየምሽት ክበቡ ይሰሙበት ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን ክበቦቹ እየተዘጉ፣ የሥራውም ዕድል እየጠበበ ሄደ። የከተማይቱ ሙዚቀኞች የሠራተኛ ማኅበር እንኳ በዘር የተከፈለ ነበር፤ የነጮቹ 10ኛ ቅርንጫፍና የጥቁሮቹ 208ኛ ቅርንጫፍ የተዋሐዱት በ1966 ነው።

ከሥራ ማጣት ያላነሰ ሌላ ችግርም ነበር። ጥቁሩ ሙዚቀኛ ምንም ያህል ቢራቀቅ «የጃዝ ተጫዋች» እንጂ «የሙዚቃ ደራሲ» ተብሎ እምብዛም አይጠራም ነበር። ድርሰት የኮንሰርት አዳራሽ ሀብት፣ ቅጽበታዊ ፈጠራ ደግሞ የምሽት ክበብ ስጦታ ተደርጎ ተመድቧልና። በዚያው በ1965 የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት ዳኞች ለታላቁ ዱክ ኤሊንግተን ልዩ የክብር ሽልማት እንዲሰጠው ያቀረቡትን ሐሳብ የበላይ ቦርዱ ውድቅ ማድረጉ፣ ክፍፍሉ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ያሳያል።

ይህን ግድግዳ ለማፍረስ ከተነሡት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሙሃል ሪቻርድ ኤብራምስ ነው። ኤብራምስ በ1930 ቺካጎ ውስጥ የተወለደ የፒያኖ ተጫዋች ሲሆን፣ አብዛኛውን እውቀቱን ያገኘው ራሱን በራሱ በማስተማር ነው። በጥልቀት ካጠናቸው ሥራዎች አንዱ በካርኮቭ የተወለደው የጆሴፍ ሺሊንገር የሙዚቃ አደራረስ ሥርዓት ነው። ሺሊንገር በ1943 ካረፈ በኋላ በ1946 የታተመው ይህ መጽሐፍ ሪትምንና ዜማን በቁጥርና በግራፍ ይተነትናል። ለምሳሌ አንዱ በየሦስት፣ ሌላው በየአራት አሐድ የሚመታ ሁለት ድግግሞሽ በአንድነት ቢጀመሩ፣ የምቶቻቸው ድምር 3፣ 1፣ 2፣ 2፣ 1፣ 3 የሚል፣ በየ12 አሐዱ ራሱን የሚደግም አዲስ ሪትም ይወልዳል። ከፊትም ሆነ ከኋላ ቢነበብ አንድ ነው። የመምህራንን ፈቃድ ሳይጠብቅ ሙዚቃን ከሥር ከመሠረቱ ለመመርመር ለሚሻ ሰው እንዲህ ያለው ሥራ ሁነኛ መሣሪያ ነበር።

ኤብራምስ ያወቀውን ለራሱ ብቻ አላስቀረውም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ «የሙከራ ባንድ» የሚል ስያሜ ያለው የልምምድ ጓድ አቋቋመ። ጓዱ እንደ ስሙ ቤተ ሙከራ ነበር ማለት ይቻላል። ገበያን ሳይሆን መማርን ዓላማው አድርጎ፣ ወጣቱ ሙዚቀኛ የጻፈውን ይዞ መጥቶ በጓደኞቹ መሣሪያ ተሰምቶ የሚታረምበት ቦታ ሆነ። በኋላ ስማቸው የገነነው የሳክስፎን ተጫዋቾች ሮስኮ ሚቸል፣ ጆሴፍ ጃርማንና ሄንሪ ትረድጊል በዚሁ ጓድ አልፈዋል።

ልምምድ ብቻውን ግን መድረክ አይሆንም። በመሆኑም በሜይ 1965 ኤብራምስ፣ የፒያኖ ተጫዋቹ ጆዲ ክርስቲያን፣ የድራም ተጫዋቹ ስቲቭ ማኮልና የትራምፔት ተጫዋቹ ፊል ኮህራን የሙያ ባልደረቦቻቸውን በፖስት ካርድ ለስብሰባ ጠሩ። የስብሰባዎቹ ውይይት በቴፕ ተቀድቶ ስለነበር፣ የማኅበሩ አባል ጆርጅ ሉዊስ በ2008 ባሳተመው ሰፊ የታሪክ መጽሐፍ ተጠቅሞበታል። ዋናው ክርክር «የራስ የሆነ ሙዚቃ» ማለት ምን ማለት ነው የሚል ነበር። በመጨረሻ በማኅበሩ ኮንሰርት ላይ የሚቀርበው አባላቱ ራሳቸው የደረሱት ሙዚቃ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ለእንጀራው ሌላ ቦታ ሌላ ሙዚቃ የሚጫወት አልተከለከለም። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ማኅበሩ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሆኖ፣ ዘጠኝ ዓላማዎችን ዘርዝሮ በኢሊኖይ ግዛት ሕጋዊ ሰውነት አገኘ።

ደንቡ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ከባድ ነበር። እያንዳንዱ አባል ደራሲ የመሆን ግዴታ ስለተጣለበት፣ በጸሐፊና በተጫዋች መካከል የነበረው ልዩነት ፈረሰ። ቀድሞ በጃዝ እንደተለመደው አንድ የታወቀ ዜማ አስቀድሞ፣ ከዚያ በተራ ብቻን መጫወት ቀረ። በምትኩ ኖታው የትኛው ድምፅ መቼ እንደሚገባ፣ መቼ ዝም እንደሚባል ይወስናል፤ የቀረው ለተጫዋቹ ይተዋል። ቅኔ ዘራፊ የዜማውን ልክ ጠብቆ ሳለ ትናንት የተባለውን እንደማይደግም ሁሉ፣ እዚህም ሥርዓቱ የጸና፣ ፍሬው ግን ዘወትር አዲስ ነበር። ሮስኮ ሚቸል በ1966 ያስቀረጸው «ሳውንድ» የተሰኘ ሸክላ የዚህ ማስረጃ ነው። በሥራው ውስጥ ጸጥታ እንደ ድምፅ ተቆጥሮ ቦታ ተሰጥቶታል፤ ቃጭል፣ ፉጨት፣ ሃርሞኒካና እነዚህን የመሰሉ «ትናንሽ መሣሪያዎች» ከሳክስፎንና ከትራምፔት እኩል ይናገራሉ።

ማኅበሩ ያለ ዋጋ አልጸናም። ኮህራን ሙዚቃው በያዘው አቅጣጫ ባለመስማማቱ ብዙም ሳይቆይ ተለየ። የፒያኖ ተጫዋቹ ክሪስቶፈር ጋዲ በ1968፣ የባስ ተጫዋቹ ቻርልስ ክላርክ በ1969፣ ሁለቱም ገና በሃያዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ በሞት ተቀደሙ። ሁለቱ ባልደረቦቹ የተለዩት ጃርማን ከሚቸል፣ ከትራምፔት ተጫዋቹ ሌስተር ቦዊና ከባስ ተጫዋቹ ማላካይ ፌቨርስ ጋር ተጣመረ። አራቱ በ1969 መሣሪያዎቻቸውን ይዘው ወደ ፓሪስ ተሻገሩ፤ «የቺካጎ የሥነ ጥበብ ጓድ» የሚለውን ስማቸውንም በዚያ አገኙ። በአገራቸው ጥቂት አድማጭ የነበራቸው ሰዎች በሁለት ዓመት ያህል ቆይታቸው ከደርዘን በላይ ሸክላ አስቀረጹ። የድራም ተጫዋቹ ዶን ሞይ በ1970 አምስተኛ ሆኖ ተቀላቀላቸው። በመድረክ ላይ ጃርማን፣ ፌቨርስና ሞይ ፊታቸውን ቀለም ተቀብተው በአፍሪካዊ አልባሳት ሲቀርቡ፣ ቦዊ ነጭ የቤተ ሙከራ ካፖርት ይለብስ ነበር፤ ሚቸል እንደ ማንኛውም ሰው ለብሶ ይቆማል። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ለጥቂት ጊዜ ጸጥ ይላሉ።

ከሌሎቹ አባላት መካከል አንተኒ ብራክስተን ለድርሰቶቹ በቃላት ፈንታ መሥመር፣ ቁጥርና ፊደል ያቀፈ ሥዕላዊ ንድፍ እንደ ርእስ ይሰጥ ስለነበር፣ የሸክላዎቹ ሽፋን የኤሌክትሪክ ዑደት ንድፍ ይመስላል። በ1978 ለአራት ኦርኬስትራ የጻፈውን ሥራ 160 ሙዚቀኞች በኦበርሊን ተጫውተውታል። ጆርጅ ሉዊስ ደግሞ በ1980ዎቹ «ቮያጀር» የተባለ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠራ፤ ፕሮግራሙ ተጫዋቹ የሚያሰማውን እየተከታተለ በዚያው ቅጽበት የራሱን ምላሽ ይፈጥራል፤ ተጫዋቹ ዝም ቢልም የራሱን ሙዚቃ ይቀጥላል።

ኤብራምስ በ2010 የአሜሪካ መንግሥት ለጃዝ ሊቃውንት የሚሰጠውን ከፍተኛ ማዕረግ ተቀብሎ በ2017 አርፏል። በ2016 በወጣትነቱ የሙከራ ባንዱ አባል የነበረው ሄንሪ ትረድጊል የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት ተሰጠው። የተሸለመው ሥራ የተጻፈ ኖታና ቅጽበታዊ ፈጠራ የተሳሰሩበት መሆኑ ሲታይ፣ በ1965 ለኤሊንግተን የተዘጋው በር ከ51 ዓመት በኋላ ለማኅበሩ ልጅ ተከፈተ ማለት ይቻላል።

ይሁንና የማኅበሩ ትልቁ ሥራ ሽልማቱ አይደለም። ከ1967 ጀምሮ አባላቱ የሰፈሩን ልጆች በየቅዳሜው ያለ ክፍያ ያስተምሩ ነበር። ራሳቸውን በራሳቸው ያስተማሩ ሰዎች፣ ከእነሱ በኋላ የሚመጣው ብቻውን እንዳይቀር ትምህርት ቤት ከፈቱ። መዋጮው ትንሽ፣ አዳራሹ ግማሽ ባዶ፣ ስብሰባውም አድካሚ ነበር፤ ነገር ግን አንድ አባል ወደ ማኅበሩ ሲመጣ የራሱን ሥራ ይዞ እንዲመጣ የሚያስገድድ ደንብ ነበራቸው። የአንድ ሙያ ማኅበር ዕድሜ የሚለካው በአባላቱ ብዛት ሳይሆን፣ እያንዳንዱ አባል ይዞት በሚመጣው ሥራ መሆኑን የቺካጎዎቹ ታሪክ ያስተምራል።