በእግር ለሚሄድ ሰው የተጻፈ መጽሐፍ

መንገድ መምራት ጥንታዊ ሥራ ነው። በማያውቀው አገር የሚጓዝ ሰው ሁሉ፥ ነጋዴም ቢሆን ተሳላሚም ቢሆን፥ ከፊቱ የሚሄድለት የአገሩ ተወላጅ ይፈልጋል። የወንዙን መሻገሪያ፥ የገደሉን መውረጃና የማደሪያውን ቦታ የሚያውቀው እርሱ ነውና። መሪው ሲሞት ግን እውቀቱም አብሮት ይቀበራል። ይህን እውቀት በወረቀት ላይ አስፍሮ ላላዩት ሰው ማስተላለፍ የቻለ ጸሐፊ ታላቅ አገልግሎት እንደ ፈጸመ አይካድም። ነገር ግን የሰው መሪ የሚከተለውን ሰው መርጦ መቀበል ሲችል፥ የመጽሐፍ መሪ ይህን ለማድረግ አይችልም፤ መጽሐፉ አንድ ጊዜ ከታተመ ገዝቶ ያነበበው ሁሉ ይከተለዋል። ስለዚህ መንገድ መሪ መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች፥ ከሌሎች ደራስያን በተለየ፥ የወደዱትን ቦታ በገዛ መጽሐፋቸው የማጣት ዕጣ ይገጥማቸዋል። ይህ ነገር እንዴት እንደሚሆን ጎልቶ የሚታየው በእንግሊዝ አገር በስተሰሜን ምዕራብ በሚገኘው፥ እነርሱ ሌክ ዲስትሪክት በሚሉት በሐይቆች አውራጃ ታሪክ ውስጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

ወደዚያ ከመሻገራችን በፊት አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። የእኛም አገር ሰዎች መንገድን በጽሑፍ ከማስቀመጥ ሥራ የራቁ አልነበሩም። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ የቬኒስ ሰው፥ ወደ ኢጣልያ የደረሱትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት እየጠየቀ፥ ከአገራቸው የወጡበትን መንገድ በየቀኑ ጕዞ እየቈጠረ ጽፎ አኑሯል። ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቶ በ1958 እንዲታተም ያበቃው ኦ. ጂ. ኤስ. ክሮፎርድ የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ ነው። ክሮፎርድ ኦርድናንስ ሰርቬይ በሚባለው በእንግሊዝ መንግሥት የካርታ መሥሪያ ቤት የጥንታዊ ቅርስ ክፍል ሹም ሆኖ ብዙ ዓመት ያገለገለ ሰው ነበረ። የዚህ መሥሪያ ቤት ስም ወደ ኋላ እንደ ገና ይነሣል።

የሐይቆቹ አውራጃ ሰፊ አይደለም፤ 2,300 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ከፍተኛው ተራራ ስካፌል ፓይክ 978 ሜትር ብቻ ስለሆነ፥ ራስ ዳሸንን ለሚያውቅ ሰው ጕብታ እንጂ ተራራ አይመስለውም። ይሁን እንጂ ጉሙና ዝናሙ ድንገተኛ ነው፤ ገደሉም መንገድ የሳተውን ሰው ለመግደል ይበቃል።

ስለዚህ አውራጃ ለተጓዥ እንዲሆኑ ታስበው ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ቀዳሚ ስፍራ የያዘው በ1778 የታተመው የቶማስ ዌስት መጽሐፍ ነው። ዌስት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነበረ፤ መጽሐፉ በታተመ በዓመቱ ስለ ሞተም የሥራውን ዝና ለማየት አልታደለም። የዌስት አመራር የአዛዥ አመራር ነው። በየሐይቁ ዳርቻ የተመረጡ ‹ጣቢያዎች› ወስኖ፥ መንገደኛው በዚህ ስፍራ ቆሞ ወደዚህ አቅጣጫ እንዲመለከት ይነግረዋል። ከዚህም በላይ ፊቱ ጎበጥ ያለ ትንሽ መስተዋት እንዲይዝ ይመክረዋል። መንገደኛው ጀርባውን ለተራራው ሰጥቶ በመስተዋቱ ውስጥ የተራራውን ምስል ያያል፤ አገሩም በሠዓሊ እጅ እንደ ተሳለ ሥዕል ሆኖ ይታየዋል። ብዙ መንገድ ደክሞ የመጣ ሰው ጀርባውን አዙሮ መቆሙ ዛሬ ያስቀናል ለማለት ያስቸግራል። በዊንደርሚር ሐይቅ በስተምዕራብ ከነበሩት የዌስት ጣቢያዎች በአንደኛው ላይ በ1790ዎቹ ዓመታት ቤት ተሠርቶ፥ በመስኮቶቹ ቀለም ያለው መስተዋት ተገጠመበት። በአንደኛው ሲመለከቱ አገሩ በጸደይ፥ በሌላው ሲመለከቱ በመኸር ወራት ያለ ይመስል ነበር።

ከዌስት በኋላ የተነሣው ጸሐፊ ባለቅኔው ዊልያም ወርድስወርዝ ነው። እርሱ የዚያው አውራጃ ተወላጅ ስለ ነበረ፥ አገሩን የሚያየው እንደ ሥዕል ሳይሆን ሰው እንደሚኖርበት ቤት ነበረ። መጽሐፉ በ1810 ስሙ ሳይጻፍበት የሌላ ሰው የሥዕል መድበል መግቢያ ሆኖ ወጣ፤ በ1822 ራሱን ችሎ ታተመ፤ በ1835 ደግሞ ተስፋፍቶ ለአምስተኛ ጊዜ ወጣ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ተራሮቹና ሸለቆዎቹ እንዴት እንደ ተያያዙ፥ ገበሬው ቤቱን ከምን እንደሚሠራ፥ ከውጭ የመጡ ባለጠጎች በኖራ ያስለሰኑት ቤትና በመደዳ የተከሉት ባዕድ ዛፍ የአገሩን መልክ እንዴት እንዳበላሸ በሰፊው ተጽፏል። አስተዋይ ዓይንና የሚደሰት ልብ ያለው ሰው ሁሉ በዚህ አገር ላይ ድርሻ እንዳለው፥ አውራጃውም እንደ ሕዝብ ሀብት ሊቈጠር እንደሚገባው ያመለከተው በዚሁ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ እጅግ ከመታወቁ የተነሣ፥ ሊጐበኘው የመጣ አንድ ቄስ ከዚህ ሌላ የጻፍኸው ነገር አለን ብሎ ባለቅኔውን እንደ ጠየቀው ማቲው አርኖልድ ጽፏል።

በ1844 ግን ወርድስወርዝ ራሱ ከጻፈው ነገር ጋር የሚያጋጭ ጕዳይ መጣ። ከኬንዳል ከተማ እስከ ዊንደርሚር የምድር ባቡር እንዲዘረጋ ታሰበ። ባለቅኔው በዚያ ጊዜ 74 ዓመቱ ነበረ። ተቈጥቶ በጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ፤ አጭር ግጥምም ገጠመ። የክርክሩ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። የተፈጥሮን ውበት የማጣጣም ችሎታ ቀስ በቀስ በልምድ የሚገኝ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኞችን ከላንካሻየር ከተሞች በአንድ ቀን ጭኖ ማምጣት ለእነርሱ ጥቅም አይሰጥም፥ ለአገሩም ጥፋት ይሆናል። እዚህ ላይ ወርድስወርዝን መውቀስ ቀላል ነው። ድርሻው የሁሉም ነው ብሎ በጻፈ እጅ፥ ድርሻቸውን ሊቀበሉ የተነሡትን ሰዎች መመለሱ አይገጥምም። ዳሩ ግን ፍርሃቱ ከንቱ እንዳልነበረ ወደ ኋላ ታይቷል። በግጥሙ ውስጥ ከአደጋ ሊጠበቅ የሚገባው ብሎ በስም የጠራው ኦረስት ሄድ የሚባለውን፥ ከዊንደርሚር በላይ ያለውን ኮረብታ ነበረ። ባቡሩ ግን አልቀረም፤ በ1847 ሥራውን ጀመረ፤ ጣቢያውም ከዚያው ኮረብታ ሥር ቆመ።

ከዚህ ወዲያ የመንገድ መሪ መጽሐፍ ንግድ ሆነ። በለንደን ጆን መሪ በ1836፥ በጀርመንም የቤዴከር ቤት የሚያሳትሟቸው መጻሕፍት በመላው አውሮፓ ተሰራጩ። ለሐይቆቹ አውራጃም በ1880 ባድሊ የጻፈው መሪ ለብዙ ጊዜ አገለገለ። መጽሐፍ መኖሩ ብቻውን ግን መንገዱን አይከፍትም። በማንቸስተርና በሼፊልድ መካከል ያለው ከፍተኛ ምድር የወፍ ማደኛ እንዲሆን በባለርስቶች ተከልሎ፥ ከፋብሪካ በእሑድ ቀን የሚወጡት ሠራተኞች እንዳይረግጡት ተከልክለው ነበር። ሚያዝያ 24 ቀን 1932 ብዙ መቶ ሰዎች ሆነው ኪንደር ስካውት ወደሚባለው ተራራ ሕግ ጥሰው ወጡ፤ ከእነርሱም አምስቱ በእስራት ተቀጡ። በ1949 ፓርላማው የብሔራዊ ፓርኮችንና የገጠር መተላለፊያን ሕግ አወጣ፤ በ1951ም የሐይቆቹ አውራጃ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

እንግዲህ አሁን የምንደርስበት ሰው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። አልፍሬድ ዌይንራይት በ1907 ብላክበርን በተባለች የላንካሻየር የሽመና ከተማ ከአንድ ድኻ ግንበኛ ተወለደ። ወርድስወርዝ እንዳይመጡ ከፈራቸው ሰዎች ወገን ነው ማለት ነው። በ13 ዓመቱ ትምህርት ቤት ትቶ በከተማው ማዘጋጃ ቤት ተላላኪ ሆነ፤ ማታ ማታ እየተማረም የሒሳብ ሠራተኛነት ማዕርግ አገኘ። በ1930፥ 23 ዓመት ሲሆነው፥ ከአጎቱ ወይም ከአክስቱ ልጅ ጋር ለዕረፍት ወደ ሐይቆቹ አውራጃ ሄዶ መጀመሪያ የወጣበት ኮረብታ ያው ኦረስት ሄድ ነበረ። ቁመቱ 238 ሜትር ብቻ ነው። ከዚያ ሆኖ ያየው ነገር ሕይወቱን እንደ ለወጠው ዕድሜውን ሙሉ ሲናገር ኖረ። በ1941 ለተራሮቹ ቅርብ ለመሆን ሲል ደመወዙን አስቀንሶ ወደ ኬንዳል ማዘጋጃ ቤት ተዛወረ፤ ከ1948 እስከ 1967 ድረስም የማዘጋጃ ቤቱ የገንዘብ ክፍል ሹም ሆኖ አገለገለ።

ዌይንራይት የተራራ መጽሐፉን የጀመረው ኅዳር 9 ቀን 1952 ነው። አሳብ የነበረው የአውራጃውን ተራሮች በሰባት ክፍል ከፍሎ በ13 ዓመት ለመጨረስ ነበረ። ቅዳሜና እሑድ በአውቶቡስ ሄዶ ይወጣል፤ መኪና አልነዳም። በየማታው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ካርታውን፥ ሥዕሉንና ጽሑፉን ሁሉ በብዕር በእጁ ይሠራል። በማተሚያ ፊደል የተለቀመ ገጽ የለም፤ የታተመው የእጁ ጽሑፍ ነው። ወደ 100 የሚጠጋ ገጽ ከጨረሰ በኋላ፥ የመሥመሮቹ መጨረሻ በቀኝ በኩል እኩል አለመሆኑ ቅር ስላሰኘው፥ ሁሉንም ጥሎ እንደ ገና ጀመረ። የሒሳብ መዝገብ የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ጠባይ ያውቀዋል። በ1955 የመጀመሪያው ክፍል 2,000 ቅጂ ሲታተም የማተሚያው ዋጋ 950 ፓውንድ ሆነ። በእጁ የነበረው ገንዘብ ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለ ነበረ፥ ማተሚያ ቤቱ ከሽያጩ ላይ ቀስ በቀስ እንዲከፍል ፈቀደለት። ስለ ሽያጩ የኬንዳል ቤተ መጻሕፍት ኀላፊ ረዳው። ሰባተኛው ክፍል በ1966 ወጣ፤ የተጻፈላቸውም ተራሮች 214 ሆኑ።

ለእያንዳንዱ ተራራ ከየአቅጣጫው መውጫው፥ ከላይ የሚታየው አገር፥ ወደ ቀጣዩ ተራራ የሚያሻግረው ሸንተረር ተለይቶ ተመልክቷል። የመጀመሪያው ክፍል ለኦርድናንስ ሰርቬይ ሰዎች፥ ሁለተኛው የድንጋዩን ካብ ለካቡት ሠራተኞች፥ ስድስተኛው ለገዛ ሁለት እግሮቹ መታሰቢያ ሆኗል። ከዌስት ጋር ያለውን ልዩነት የሚያሳየው ግን በሦስተኛው ክፍል ሄልም ክራግ ስለሚባለው ተራራ የጻፈው ነው። የተራራው ጫፍ ቀጥ ያለ ዓለት ነው። ዌይንራይት ከገጹ ማዕዘን ጥቂት ቦታ ክፍት ትቶ፥ ይህ ስፍራ ደራሲው ጫፉ ላይ መውጣቱን ለማብሠር ተጠብቆ እንደ ነበረ፥ መጽሐፉ እስኪታተም ግን ይህን ለማለት እንዳልቻለ ገለጠ። መሪ ሆኖ ያልደረሰበትን አልደረስሁም የሚል ሰው ይታመናል፤ በጉም ውስጥ መጽሐፉን በእጁ የያዘ መንገደኛም የሚፈልገው ይህን እምነት ነው።

ሥራው ያለ ዋጋ አልተገኘም። ማታውንና የዕረፍት ቀኑን ሁሉ ለተራራ የሰጠ ሰው ለቤቱ የሚተርፈው ጥቂት ነበረና፥ በ1967 ባለቤቱ ተለይታው ሄደች። ከመጽሐፉ ካገኘው ገንዘብ አብዛኛውን ለባዘኑ እንስሳት መጠለያ ሰጠ። ብቸኝነትን የሚወድ፥ በተራራ ላይ ሰው ሲያይ መንገድ የሚለውጥ ሰው ነበረ። ነገር ግን መጽሐፎቹ በሕይወቱ ሳለ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጡ። 214ቱን ተራሮች አንድ በአንድ ወጥቶ መጨረስ ልማድ ሆነ፤ ተራሮቹም በእርሱ ስም ‹ዌይንራይቶች› ተባሉ። ቀድሞ እረኛና በግ ብቻ በሚያልፍበት ቀጭን መንገድ ሰልፍ ይሄድበት ጀመር።

እርሱም ይህን ሳያስተውል አልቀረም። በ1973 ከምዕራቡ ባሕር እስከ ምሥራቁ ባሕር 300 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ አዲስ መንገድ በመጽሐፍ ሲያወጣ፥ አንባቢዎቹ የእርሱን መንገድ ከመከተል ይልቅ ካርታ ገዝተው የየራሳቸውን መንገድ እንዲያወጡ መከራቸው። ምክሩን የሰሙት ጥቂቶች ይመስላሉ። በዚያው እርሱ ባወጣው መንገድ ብዙ ሺህ ሰዎች ተጓዙበት፤ በ2022ም የመንግሥት ብሔራዊ መንገድ እንዲሆን ተፈቀደ።

ዌይንራይት በ1991 ሞተ። እንደ ፈቃዱ ዐመዱ ሄይስታክስ በሚባለው ተራራ ላይ ካለችው ትንሽ ኵሬ አጠገብ ተበተነ፤ ወደዚያም የሚወጣው ሰው በዛ። በአውራጃው ተራሮች ላይ ሣሩ በጫማ ሲነሣ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ፥ አንዳንዱ መንገድ ከሩቅ የሚታይ ሰፊ ቁስል ሆኗል። ከ2000 ዓመት በኋላ ፊክስ ዘ ፌልስ በሚባል ድርጅት ሥር የተቀጠሩ ሠራተኞችና ፈቃደኞች ይህን ይጠግናሉ። ድንጋይ በሄሊኮፕተር ተጭኖ ይወጣል፤ አንዱ ካንዱ እየተገጠመ እንደ ደረጃ ይተከላል፤ ውሃው እንዲወርድበትም በጎን ቦይ ይቆፈራል። ሣሩ ተመልሶ እንዲያድግ አንዳንዱ መንገድ ቦታውን እንዲለውጥ ስለ ተደረገ፥ የዌይንራይት ካርታ ከመሬቱ ጋር አልስማማ አለ። ከ2005 እስከ 2009 ድረስ ክሪስ ጄስቲ የሚባል ካርታ ሠሪ ተራሮቹን እንደ ገና በእግሩ ዞሮ ሰባቱንም ክፍሎች አረማቸው። በዚህ እርማት የደራሲው የእጅ ጽሑፍና ሥዕል በጥቁር እንደ ነበረ ሲቀር፥ አሁን ያለው መንገድ በቀይ ቀለም ተሰምሮበታል።