የታጠቁ አብራሪዎች

የታጠቀ አብራሪ የሚባለው ኮክፒቱን ከጠላፊ ለመከላከል ሽጉጥ ይዞ እንዲበር በሕግ የተፈቀደለት የአየር መንገድ አብራሪ ነው። በዚህ አሠራር በይበልጥ የምትታወቀው አሜሪካ ናት። መነሻው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. የደረሰው ጥቃት ነው። ዕለቱ በኢትዮጵያ የ1994 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ነበር። 19 ጠላፊዎች አጫጭር ስለት ይዘው አራት አውሮፕላኖች ተቆጣጠሩ።

የፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ አስተዳደር አብራሪዎችን የማስታጠቁን ሐሳብ መጀመሪያ አልወደደውም። አብራሪ ያብርር፣ በሩ ይጠንክር የሚል ነበር መልሱ። አብራሪዎቹ ግን የተጠለፈ አውሮፕላን በተዋጊ ጄት እንዲመታ የሚፈቅድ መንግሥት ለእኛ አንድ ሽጉጥ ይነፍገናል ወይ ብለው ሞገቱ፤ መልስ የሚያሳጣ ሙግት ነው። የተወካዮች ምክር ቤት 310 ለ113፣ ሴኔቱ 87 ለ6 በሆነ ድምፅ ደገፏቸው፤ ሕጉም በኖቬምበር 2002 ጸደቀ። በኤፕሪል 2003 የመጀመሪያዎቹ 44 አብራሪዎች ጆርጂያ ውስጥ ሠልጥነው ወጡ።

ምዝገባው በፈቃደኝነት ነው። አመልካቹ የሥነ ልቦና ምርመራ ያልፋል፣ አንድ ሳምንት ገደማ ይሠለጥናል፣ የመጓጓዣ ወጪውን ከኪሱ ይሸፍናል። ሥልጣኑ ከኮክፒቱ በር አያልፍም፤ ከኋላ መንገደኞች ቢደባደቡ ሽጉጡን ይዞ አይወጣም።

በዚህ መርሐ ግብር ታሪክ ስሟ የሚነሳው ጥይት የተተኮሰችው በጓጉንቸር ሳቢያ ነው። አብራሪው ከኮክፒቱ ሲወጣ ሽጉጡን መቆለፍ ነበረበት፤ ስለዚህ በአንድ በረራ ውስጥ ደጋግሞ ይቆልፍ፣ ይከፍት ነበር። ሽጉጡ ማኅደሩ ውስጥ እያለ የጓጉንቸሩ ቀለበት በማኅደሩ ቀዳዳ አልፎ በቃታው አጠገብ ይገባ ነበር። ሽጉጡ እስከ ታች ካልገባ ቀለበቱ ቃታውን ሊጫነው ይችል ነበር። ማርች 22 ቀን 2008 ከዴንቨር ወደ ሻርሎት ይበር የነበረ የዩኤስ ኤርዌይስ ኤርባስ ኤ319 ለማረፍ ሲቃረብ ሽጉጡ ባረቀ። ጥይቱ የኮክፒቱን ግድግዳ በስቶ ወጣ። ፊልም ላይ እንደሚታየው አውሮፕላኑ አልተበታተነም፤ ከነ124 መንገደኞቹ በሰላም መሬት ነካ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታሪክ ለዚህ ክርክር ሁለት ምስክር አለው፤ ሁለቱም ለሽጉጡ ደጋፊዎች አይመቹም። በኖቬምበር 23 ቀን 1996 የበረራ ቁጥር 961ን የጠለፉት ሦስት ሰዎች የእሳት አደጋ መጥረቢያውን ያገኙት እዚያው ኮክፒት ውስጥ ነው። ቦይንግ 767ቱ ነዳጁ አልቆ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ክፍሉ ውስጥ ሽጉጥ ቢኖር ኖሮ ቀድሞ የማን እጅ ይገባ ነበር?

ሁለተኛው በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2014 ወደ ሮም ይበር የነበረው የበረራ ቁጥር 702 ነው። ዋና አብራሪው ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ ረዳቱ በሩን ቆለፈበት፤ ጠላፊው ራሱ አብራሪ ነበር። ከሴፕቴምበር 11 በኋላ የተጠናከረው ያ በር ዋናውን አብራሪ ራሱን ውጭ አስቀረው። ረዳቱ አውሮፕላኑን ጄኔቫ አሳረፈና በኮክፒቱ መስኮት በገመድ ወርዶ ለፖሊስ እጁን ሰጠ፤ ጥገኝነትም ጠየቀ።